አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ምግብ ቤት ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምግብ ወዳድ ሆናችሁ ከለመዳችሁት ቤት ወጣ ብላችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እነሆ።

ከየት ልጀምር?

ከቤታችሁ ወይም ከቢሯችሁ በእግር ከሚደረስበት ጀምሩ። ብዙ ሰው ምግብ ቤት ልሞክር ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ቦሌን ነው። ቲክቶክ ላይ ያየውን ቤት ፍለጋ ራይድ ይጠራል፣ ትራፊክ ውስጥ ይቀመጣል፣ በጣም ተርቦ ይደርሳል። የራበው ሰው ደግሞ ምንም ቢቀርብለት ይጣፍጠዋል። በዚህ ዓይነት ጥሩና መካከለኛውን መለየት አይቻልም። ከሰፈር ከጀመራችሁ ግን አንዱን ቤት በተለያየ ቀን ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ፣ ምላሳችሁም ማወዳደር ይለምዳል።

ደግሞ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ምግብ ምረጡ። ሁሉን ነገር እኩል አሳምሮ የሚሠራ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ በሽሮ ይታወቃል፣ አንዱ በጥብስ፣ አንዱ በፉል። ሜኑው ላይ ግን ሁሉም ከፒዛ እስከ ክትፎ ይደረድራል። ስለዚህ "እዚህ ሰፈር ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?" ከማለት "እዚህ ሰፈር ሽሮ የት ይጣፍጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። የምታገኙት መልስ በጣም ይለያያል።

ማንን ልጠይቅ? ቲክቶክ ላይ የሚወራውን ልመን?

ቲክቶክ ቤቱ መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ ጣዕሙን አይነግራችሁም። ካሜራ ተደቅኖ የቀረበው ሳህንና እናንተ በሥራ ቀን ስትሄዱ የሚመጣላችሁ ሳህን አንድ ላይሆን ይችላል።

እኔ የማምነው ቀኑን ሙሉ እዚያው ሰፈር የሚውለውን ሰው ነው። ጋራዥ የሚሠሩ ልጆች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የሕንፃ ጥበቃዎች፣ ተራ አስከባሪዎች። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚበሉት። ምግቡ ከወረደ ወይም ዋጋው ከተሰቀለ በማግስቱ ቤት ይቀይራሉ። አጠያየቃችሁ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። "ጥሩ ቤት የት ነው?" ካላችኋቸው ለእንግዳ ይመጥናል ያሉትን ውድ ቤት ነው የሚጠቁሟችሁ። "እናንተ ምሳ የት ነው የምትበሉት?" በሏቸው።

ገና በሩ ላይ ቆሜ ጥሩ ቤት መሆኑን በምን ልለይ?

መጀመሪያ ሰዓት። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ባዶ የሆነ የምሳ ቤት የሆነ ነገር ጎድሎታል። ቀጥሎ ሽታ። ቁሌት በደንብ የበሰለበት ቤት ጠረኑ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል፣ ሽንኩርቱ ጣፈጥ ያለ፣ በርበሬው ያልተቃጠለ። የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ግን ሌላ ቤት ይሻላል። እጅ መታጠቢያውንም እዩት። ውሃና ሳሙና ያለው፣ ወለሉ ያልጨቀየ ከሆነ ጓዳውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ምልክት "አልቋል" የሚለው መልስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ገብታችሁ ምስር ወጥ ስታዙ "አልቋል፣ ሽሮ ብቻ ነው ያለው" ካሏችሁ አትከፉ። ያ ቤት የዛሬን ለዛሬ ነው የሚሠራው። ሌሊትም ቀንም ሁሉም ነገር ያለው ቤት ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማዘር ቤት የሚባለው ምንድን ነው? እንዴትስ ይገባል?

አንዲት እናት ብዙ ጊዜ በመኖሪያ ግቢያቸው ወይም ከመንገድ ገባ ባለ ትንሽ ቤት አብስለው የሚያቀርቡበት ነው። ታፔላ የለው፣ ሜኑ የለው። ማወቅ የሚቻለው በሰው ሰው ነው ወይም ምሳ ሰዓት ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሠራተኞች ተከታትለው ወደ አንድ ቅያስ ሲገቡ በማየት ነው። በከተማው ውስጥ ለቤት ምግብ የሚቀርበው ጣዕም ያለው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ድስቱ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። ሼፍ አይቀያየርም።

ስትገቡ "ማዘር፣ ዛሬ ምን አለ?" ማለት በቂ ነው። ያለውን ይነግሯችኋል፣ ያሉትን ትበላላችሁ። "ሽንኩርት ይቀነስልኝ፣ ቅቤ አይግባበት" የሚባልበት ቦታ አይደለም። ጠረጴዛ ከማታውቁት ሰው ጋር ትጋራላችሁ፣ ጎረቤታችሁ "እንብላ" ይላችኋል፣ እናንተም "ይባረክ" ትላላችሁ። በልታችሁ ስትጨርሱ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ወሬውን ውጭ ጨርሱት። አንዳንዶቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ግን ጥሬ ብር ይዛችሁ ሂዱ።

ቁርስ መሞከር ከፈለግኩ ምን ልዘዝ?

ፉል ቤት ሂዱ፣ ያውም በጠዋት። ሁለት ሰዓት ገደማ ፉሉ ገና ትኩስ ነው፣ ዳቦውም ከምድጃ የወጣበት ሙቀት አለው። "ኖርማል" ካላችሁ ፉሉ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ይመጣል። "ስፔሻል" ካላችሁ ደግሞ እንቁላል፣ እርጎ፣ አንዳንድ ቤት አቮካዶም ይጨመርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኖርማሉን እዘዙ፣ ባቄላው በደንብ መብሰሉንና ቅመሙን የምታውቁት በእሱ ነው። ስፔሻሉ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ፈጢራ፣ ቋንጣ ፍርፍር ሁሉም የቁርስ ናቸው። ዱለት ከወደዳችሁ በጠዋት ሥጋ ቤት ሂዱ። ዱለት ከጨጓራ፣ ከጉበትና ከቀይ ሥጋ ስለሚሠራ የሆድ ዕቃው ትኩስ በሆነበት ሰዓት ነው የሚጥመው። ከሰዓት በኋላ ዱለት አላዝም።

በጾም ቀን ምግብ ቤት መዞር ያዋጣል?

እንዲያውም በየዓይነቱ መበላት ያለበት በጾም ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በገና ጾም ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ብዙ ሰው ጾመኛ ስለሆነ ድስቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ቶሎም ይሠራል። ማክሰኞ ዕለት በየዓይነቱ ስታዙ ግን ክኩ የትናንት፣ ጎመኑም ያደረ ሊሆን ይችላል። ይኼን የማያውቅ ሰው አንድን ቤት በማክሰኞ በየዓይነቱ ይፈርድበታል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ በነዚያ ሳምንታት የጾም ምግብ የማይሠሩ ቤቶች አሉ።

በየዓይነቱ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ አልጫውን ቅመሱ። ክክ አልጫ በርበሬ የለውም፣ የሚደብቀው ነገር የለም። ሽንኩርቱ ካልበሰለ፣ እርዱ ከበዛ፣ ክኩ ጥሬ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። አልጫው የጣፈጠ ቤት ሌላው አያሳፍራችሁም። ሱፍ ፍትፍት የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ያዙት። ሱፉን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አጥልሎ ማቅረብ ልፋት ነው፣ ይኼን የሚለፋ ቤት ለሌላውም ይለፋል።

ጥሩ እንጀራ በምን ይታወቃል?

ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጀርባው ለስላሳ፣ ስትጠቀልሉት የማይሰነጠቅ። እርሾው በደንብ የሠራ ሊጥ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይኖረዋል፣ ግን አፍ አይሰበስብም። ጤፉ ላይ ሩዝ ወይም ሌላ ዱቄት የበዛበት እንጀራ ሲሞቅ ደህና ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል ወይም ይፈረፈራል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የቀረችዋን ጠርዝ እዩ።

ነጭ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አትበሉ። ቀይና ሰርገኛ ጤፍ ለሽሮና ለጥብስ የተለየ ጣዕም አላቸው። ጥያቄ ነውር አይደለም፣ "እንጀራው የምን ጤፍ ነው? እዚሁ ነው የሚጋገረው?" በሉ። ከውጭ የሚያስመጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ያ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ የጠዋት መሆኑ ነው ዋናው።

ሥጋ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ እንዴት ነው የሚታዘዘው?

እንደ ሌላው ቤት ተቀምጣችሁ ሜኑ አትጠብቁ። ቀጥታ ሥጋው ወደተሰቀለበት መስኮት ሂዱ። እዚያ ነጭ ጋውን የለበሰ ቆራጭ አለ፣ ከእሱ ጋር ነው ንግግሩ። በኪሎ ወይም በግማሽ ኪሎ ታዛላችሁ፣ ከየትኛው ብልት እንደሆነ ትነግሩታላችሁ፣ ምን ያህሉ በጥሬው እንዲመጣ፣ ምን ያህሉ እንዲጠበስ ትከፋፍላላችሁ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ በተለይ አጥንት ከሌለው።

ብልቱን በተመለከተ፣ ሻኛ ጮማ ነው፣ ለጥሬ የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ጭቅና በጣም ለስላሳና ቀይ ነው። ጎድን ለጥብስ ይሆናል፣ አጥንቱ ጣዕም ይሰጠዋል። ታላቅ፣ ታናሽ፣ ዳቢት፣ ሽንጥ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። "ወንድሜ፣ ዛሬ ለጥሬ የሚሆን የቱ ነው? ለጥብስስ?" ካላችሁት ጥሩ ቆራጭ ቢላዋውን ሥጋው ላይ አሳርፎ ያሳያችኋል። እንዲያውም ትንሽ ቆርጦ ያቀምሳችኋል። እኔ በዚህች ቅምሻ ነው ቤቱን የምለየው። ፊቱን ሳይመልስ ዳር ዳሩን እየቆራረጠ የሚመዝን ቆራጭ ጋ ሁለተኛ አልሄድም።

የጥብሱን ዓይነት ጠርታችሁ እዘዙ። ደረቅ ጥብስ ጥርት አድርጎ የተጠበሰ ነው። ለጋ ጥብስ ለስላሳ ሆኖ ትንሽ መረቅ ይኖረዋል። ሸክላ ጥብስ ከነከሰሉ ይቀርባል፣ እስክትጨርሱም አይቀዘቅዝም፣ ግን ሸክላው ላይ ሥጋው መጠበሱን ስለሚቀጥል ወሬ ካበዛችሁ ይደርቃል። አዋዜ፣ ሚጥሚጣና ሰናፍጭ አብረው ይመጣሉ። ወላይታ ቤት ከሆነ ደግሞ ዳጣ የሚባል የቃሪያ ማባያ አለ፣ ዳጣው ያልጣፈጠ የወላይታ ቁርጥ ቤት ሄዳችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጥሬ ሥጋ አያሳምምም?

ሊያሳምም ይችላል፣ ይኼን አለባብሼ አላልፈውም። በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ የሚመጣው ዋናው ነገር ኮሶ ነው። ቄራ ላይ ሥጋው ተመርምሮ ማኅተም ይደረግበታል፣ ይኼ አደጋውን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ሚጥሚጣ ወይም አረቄ ይገድለዋል የሚባለው እውነት አይደለም። ለብለብም ሥጋው ውስጡ ጥሬ ስለሆነ ዋስትና አይሆንም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

ጥሬ የምትበሉ ከሆነ ማኅተም ያለው ሥጋ የሚሸጥበት፣ ቢላዋና መክተፊያው ንጹሕ የሆነ ቤት ምረጡ። የኮሶ ምልክት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በቀላሉ የሚድን ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናትና በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ግን ጥሬውን ይተዉት። ጥብስም፣ የበሰለ ክትፎም አለላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ማንም ሊገፋፋቸው አይገባም።

ክትፎ ቤት ስሄድ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ "በእጅ ነው የሚከተፈው በማሽን?" በቢላዋ የተከተፈ ሥጋ አፍ ውስጥ ይለያል፣ ማሽን የፈጨው ግን ይለጠፋል። ሁለተኛ፣ "አሁን ነው የሚከተፈው?" ተከትፎ ያደረ ሥጋ ጠቆር ይላል፣ ያንን ቅቤ አይመልሰውም።

የክትፎ ግማሹ ጣዕም ቅቤው ነው። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ የጉራጌ ቅቤ ጠረኑ ጣባው ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ይደርሳችኋል። ሥጋው ላይ አብለጭልጮ መታየት አለበት፣ ታች ተኝቶ ኩሬ ከሠራ ግን በዝቷል። ክትፎ ሲመጣ ስልኩን አስቀምጡና ብሉ፣ ቅቤው ሲረጋ ያ ሁሉ ልፋት ይባክናል። በእንጀራ የለመዳችሁ ከሆነ አንዴ በቆጮ ሞክሩት። ቆጮ የራሱ ብዙ ጣዕም የለውም፣ እርሱ ነው ክትፎውን የሚያወጣው። አይቡና ጎመኑም ለማስጌጥ የመጡ አይደሉም፣ ሚጥሚጣው ሲበረታ በእነሱ ነው የሚበረደው።

ምግብ ቤት ውስጥ ያለ ዶሮ ወጥ ለምን እንደ ቤት አይጣፍጥም?

ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው። ሽንኩርቱ ብቻውን ለሰዓታት ይቁላላል፣ ዶሮው 12 ብልት ይወጣለታል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። በዓል ላይ አንዲት እናት ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚሠሩትን ነገር በየቀኑ ለሽያጭ መሥራት ከባድ ነው። ሽንኩርቱ ሳይደርስ ከወረደ ወጡ ላይ ውሃው ለብቻው፣ ዘይቱ ለብቻው ይቆማል።

ቢሆንም አሳምረው የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚሠሩት፣ በተለይ እሑድ። ቀድማችሁ ደውሉና "ዶሮ የምትሠሩት መቼ ነው?" በሉ። "ሁልጊዜ አለ" የሚል መልስ ካገኛችሁ ሽሮ ብሉና ውጡ።

የየአካባቢውን ምግብ ለመቅመስ ከአዲስ አበባ መውጣት አለብኝ?

ለብዙው አይደለም። ቦሌ ሚካኤል ሂዱ፣ የሶማሌ ቤቶች በባሪስ፣ ማለትም በሩዝ፣ የሚያቀርቡት የፍየልና የግመል ሥጋ አለ፣ ከጎኑ ሙዝ ይመጣል። ሙዙን ለማጣጣሚያ አታስቀምጡት፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው። የግመል ወተትም እዚያው ታገኛላችሁ። የትግራይ ቤቶች ጥሕሎ አላቸው። የገብስ ዱቄት ተለውሶ በትንንሹ ይድቦለቦልና በእንጨት ሹካ እየተወጋ ሥጋ ያለበት ወጥ ውስጥ ይነከራል። ለብቻ የሚበላ አይደለም፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። አንጮቴ ደግሞ የወለጋ ነው። በኦሮሞ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ ካያችሁት አትለፉት፣ በቅቤ የታሸው ሥር ድንች ይመስላል፣ ጣዕሙ ግን የራሱ ነው።

ዓሳ ላይ ግን መንገድ መውጣቱ ያዋጣል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም ባቱ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ የምትበሉት ሙሉ ዓሳ ጥብስ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ሰዓት በመኪና ከተጓዘው ጋር አይወዳደርም።

ፓስታም እንደ አገር ምግብ ይቆጠራል?

ለእኔ አዎ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየበት ዘመን ወዲህ ፓስታና ማኪያቶ ከእኛ ጋር ተዋሕደዋል። በርበሬ የገባበት ስጎ፣ ከጎኑ ቃሪያ፣ ሲያሻን በእንጀራ ጠቅለል አድርገን። በጾም ቀን ፓስታ በቲማቲም ወይም በአትክልት የብዙ ሠራተኛ ምሳ ነው። አንድ ቤት ፓስታውን ሳያላሽቅ ካቀረበ ጓዳው ውስጥ ልቡን ሥራው ላይ ያደረገ ሰው አለ ማለት ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አብረን ስንወጣ የት እንሂድ?

ሥጋ ላይ ሁሉም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ አንዱን ሥጋ ቤት ወስዳችሁ "ምን ልዘዝልህ?" ማለት ማስጨነቅ ነው። ቀላሉ መንገድ የጾም ምግብ ወይም ዓሳ ነው። ጥሩ ተጋቢኖ ሽሮ እየፈላ መሃል ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም እጁን ይሰዳል። ሥጋ የሚሠራበት ቤት ከሆነ ድስቱ ይለያይ እንደሆነ የሚጠነቀቅ ሰው አለ፣ ቀድማችሁ ጠይቁት። ዓሳን በጾም መብላት ላይም ክርስቲያኑ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እሱንም አትገምቱ።

በረመዳን ደግሞ ማምሻ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ሄዳችሁ አፍጥሩ። ተምሩ፣ ሾርባው፣ ከዘይት የወጣችው ሳምቡሳ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚቀርበው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ሥጋ የሌለውን፣ የምስር ሳምቡሳውን እዘዙ። አዛን ከመባሉ በፊት ድረሱ፣ ቦታ አይገኝም።

ሒሳቡ ከሜኑው ለምን ይበልጣል?

ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" የሚል አለ። ቫት 15 በመቶ ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨምራል። 400 ብር የሚል ምግብ ሰርቪሱ ሲደመር 440 ይሆናል፣ ቫቱ በዚያ ላይ ሲሰላ 506 ብር ይመጣል። አራት ሆናችሁ ስትወጡ ልዩነቱ የአንድ ሰው ምሳ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት "ቫት ያለው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰርቪስ ከተቆረጠባችሁ ቲፕ ግዴታ የለባችሁም። አስተናጋጇ በደንብ ካስተናገደቻችሁ ግን ለራሷ በእጇ ስጧት፣ ሰርቪስ ተብሎ የተቆረጠው ሁልጊዜ እሷ ጋ አይደርስም።

ብቻዬን ብሄድ አያስጠላም?

እኛ ጋ ለብቻ መብላት ለብዙ ሰው ይከብደዋል፣ ያስተዛዝባል የሚልም አለ። ለቅምሻ ግን ለብቻ መሄድ ጥሩ ነው፣ በራሳችሁ ምርጫ ታዛላችሁ፣ ከባለቤቱም ጋር ታወራላችሁ። ፉል ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ማዘር ቤት ለብቻ የተመቹ ናቸው። ሥጋ ቤት፣ ጥሕሎና ጠጅ ቤት ግን ሰው ይፈልጋሉ። ጠጅ ቤት ለሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ አለ፣ ለስላሳው ስለሚጣፍጥ ያታልላል፣ በአንድ ብርሌ ጀምሩ።

የፒያሳና የካዛንቺስ የድሮ ቤቶች የት ገቡ?

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሣ፣ ስንት ዓመት የተበላባቸው ቤቶች አብረው ሄዱ። ይኼ ያሳዝነኛል። አንድ ምግብ ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ደንበኛውም ወደ የአቅጣጫው ይበተናል። ግማሹ ሌላ ሰፈር ተከራይቶ ከፈተ፣ ግማሹ ጨርሶ ተወው።

ፍለጋችሁን በስሙ ብቻ አታድርጉ። ያው ስም ያለው ታፔላ ሌላ ሰፈር ቢታይም ወጥ ሠሪዋ አብራ ካልሄደች ያ ቤት ያ ቤት አይደለም። ስልካቸው ካላችሁ ደውሉ፣ ከሌላችሁ የድሮ ደንበኛ ፈልጉ። ስትደርሱም "የድሮዋ ወጥ ሠሪ አሁንም አለች?" ብላችሁ ጠይቁ። ካርታ ላይ ያለውን አድራሻ አምናችሁ አትውጡ፣ የፈረሰው ቤት አሁንም እዚያው ሊታይ ይችላል።

ምግቡ ካልጣመኝ እናገራለሁ ወይስ ዝም ብዬ እወጣለሁ?

ተናገሩ፣ ግን ቀስ ብላችሁና ወዲያው። ሳህኑ ካለቀ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ሒሳብ ላለመክፈል ይመስላል። ሁለት ጉርሻ ቀምሳችሁ "እህቴ፣ ይኼ ሽሮ ጨው በዝቶበታል፣ ይስተካከልልኝ?" ብትሉ ጥሩ ቤት ይቀይርላችኋል። የሚሸት ወይም የተበላሸ ነገር ከሆነ ግን አትግደርደሩ፣ መልሱት፣ ለሌላውም ደንበኛ ይጠቅማል። ይሉኝታ ብላችሁ የተበላሸ ሥጋ አትብሉ።

ያገኘሁትን ጥሩ ማዘር ቤት ልለጥፈው?

ይኼ ከባዱ ጥያቄ ነው። ማዘር በቀን አንድ ድስት ነው የሚሠሩት። ቪዲዮው በተለቀቀ ማግስት መቶ ሰው ቢሰለፍ ድስቱ አይበቃም፣ ውሃ ይበዛበታል፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይወርዳል፣ ለዓመታት ምሳቸውን እዚያ የበሉት የሰፈሩ ሠራተኞችም ቦታ ያጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ገበያ የቀዘቀዘባቸው፣ የቤት ኪራይ የከበዳቸው እናቶች አሉ፣ ለእነሱ አንድ ቪዲዮ ብዙ ነው።

ስለዚህ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ሰው ቀለል ሲል፣ "ማዘር፣ ቀርጬ ብለጥፈው ደስ ይልዎታል? ሰው ቢበዛ ይችሉታል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። አይ ካሉ ለጓደኞቻችሁ በአፍ ንገሩ። እሺ ካሉ ደግሞ ፊታቸው እንዲታይ ይፈልጉ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ፣ የሌላ ተመጋቢ ፊት አታስገቡ፣ የትኛው ምግብ በየትኛው ቀን እንደሚሠራና በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጨምራችሁ ጻፉ።